ስለ ደሴተኞቹ ጉባኤና ባዶውን ስለሚመለስ ኮንቴይነር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ በውጭ ዜና ገጽ ጥግ አንዲት አጭር ዜና አውጥቶ ነበር። የፓሲፊክ ደሴቶች የጋራ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በአንቲጓና ባርቡዳ በተካሄደው የትንንሽ ደሴት አገሮች ጉባኤ መሳተፉን የምትናገር፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ያልበለጠች ዜና ነች። ቆርጬ ጋራዤ ግድግዳ ላይ፣ ከብሎን ማጥበቂያ ሰንጠረዡ ጎን ለጠፍኳት። ግሪስ ጠጥታ ጠቁራለች፤ ቢሆንም ትነበባለች።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ግን እሷ አይደለችም። በቅርቡ በዚሁ ገጽ የወጣው የአንድ አንባቢ አስተያየት ነው። ጸሐፊው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32 የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ አንስተው፣ «ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞሩ ደሴተኞች» ሆቴሎቻችንን እንደሚሞሉና ባሕር የሌለን እኛ ከእነሱ የምንማረው አንዳች ነገር እንደሌለ ጽፈዋል። በአነጋገራቸው ስቄያለሁ። ግማሹንም እስማማበታለሁ። ሌላው ግማሽ ግን ሆዴ ውስጥ ስላልረጋ ነው ዛሬ ማታ እጄን በሳሙናና በመጋዝ ዱቄት ታጥቤ የተቀመጥኩት።

እናቴ ጣና ሐይቅ ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ተወላጅ ናት። እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። መካኒካል ምሕንድስና ተምሬ፣ እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የመርከበኞች ሥልጠና ጨርሼ፣ ካዴት ሆኜ ወጣሁና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሰከንድ ኢንጂነር፣ ማለት የሞተር ክፍሉ ሁለተኛ ኃላፊ፣ ሆኜ ተመለስኩ። አሁን ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ ብዙም ሳልርቅ፣ የከባድ መኪና ጋራዥ አለኝ። «ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ» ስባል መሳቅ ለምጃለሁ።

የመጀመሪያዋ መርከቤ ኋላዋ ላይ፣ ከስሟ ሥር፣ በነጭ ቀለም «ማጁሮ» የሚል ተጽፎባት ነበር። ማጁሮ የማርሻል ደሴቶች ዋና ከተማ ነው፤ የመርከቧ ባንዲራም የማርሻል ደሴቶች ነበር። ከቻይና ወደ ብራዚል፣ ከብራዚል ወደ ሮተርዳም ስንመላለስ ማጁሮን አንድ ቀን አልረገጥናትም። ካፒቴኑን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቃትም። ከሃያ ሁለታችን የሚያውቃት አንድም ሰው አልተገኘም። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ የማርሻል ደሴቶች የመርከብ መዝገብ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ የዕለት ሥራው ግን የሚመራው ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። አገሪቱ ራሷ ከባሕር ወለል በአማካይ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ያለች የአሸዋና የኮራል ቅንጣቢ ናት። በውቅያኖሱ ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፉ በሺህ የሚቆጠሩ መርከቦች ስሟን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጭሱ ያሞቀው ባሕር ደግሞ እሷን ይበላታል። ይህን ነገር በሞተር ክፍል ውስጥ፣ በ45 ዲግሪ ሙቀት፣ የነዳጅ ማጣሪያ እያጠብኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት!

ደሴተኞቹ ስማቸው በከንቱ ሲጠራ ዝም ብለው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2015 የማርሻል ደሴቶች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ ደብረም ራሳቸው ለንደን ሄደው፣ በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ስብሰባ ላይ፣ የመርከብ ጭስ ገደብ ይውጣለት ብለው ጠየቁ። ባንዲራውን ለምዝገባ ገንዘብ ብቻ እንደምትሸጥ የምትታወቅ አገር ሚኒስትር ነው ይህን ያለው! እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከሰሎሞን ደሴቶች ጋር ሆነው መርከቦች በሚለቁት በእያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ 100 ዶላር ይከፈል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ላይ አንድ የተለሳለሰ ስምምነት 63 ለ16 በሆነ ድምፅ ሲያልፍ፣ ይህ አይበቃም ብለው የፓሲፊክ ደሴቶች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በጥቅምት ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ለአንድ ዓመት ተገፋ። እንግዲህ አስተያየት ሰጪው «ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞሩ» ያሉት እውነት ነው፤ ይዞራሉ። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እዞር ነበር።

ወደ ዜናዋ ልመለስ። ድርጅቱ የፓሲፊክ ቀጠና የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት ይባላል፤ በአጭሩ ስፕሬፕ ይሉታል። መቀመጫው ሳሞአ ውስጥ፣ ከአፒያ ከተማ ከፍ ብሎ ቫይሊማ የሚባል ኮረብታማ ሰፈር ነው። በጋራ ስምምነት ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። 21 የደሴት አገሮችና ግዛቶች አባላቱ ናቸው፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድን የመሰሉ ባለ ገንዘቦችም አሉበት። ከ2022 ጀምሮ የሚመሩት ሴፋናያ ናዋድራ የሚባሉ የፊጂ ሰው ናቸው። ከአባላቱ መካከል ኒዌ የምትባለዋ ከሁለት ሺህ ያነሰ ሕዝብ ነው ያላት፤ ከአንድ ቀበሌ ያነሰ ማለት ነው። ናኡሩ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። እንዲህ ያለች አገር የአየር ንብረት ሕግ ባለሙያ፣ የቆሻሻ ባለሙያ፣ የወራሪ አረም ባለሙያ፣ የዓሣ ነባሪ ባለሙያ ለየብቻ ቀጥራ ልታኖር አትችልም። ቢኖራት እንኳ ያ ሰው አንድ ጉባኤ ላይ ሲቀመጥ አገር ቤት ቢሮው ይዘጋል። ስለዚህ ባለሙያውን በጋራ ቀጠሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ አይደል የሚባለው።

እኔ አፒያን አይቻታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአራት ወር ኮንትራት አንዲት አነስተኛ የኮንቴይነር መርከብ ላይ ተመድቤ የፓሲፊክ ወደቦችን፣ ሱቫን፣ አፒያን፣ ኑኩአሎፋን ዞርኩ። አፒያ የገባነው ቅዳሜ ማታ ነው። በማግሥቱ እሑድ ወደቡ ጸጥ አለ፤ ክሬን አይንቀሳቀስ፣ ሱቅ አይከፈት። በባሕሩ ዳር መንገድ ሕዝቡ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይተማል። ቆሜ ቀረሁ። ነጠላ የሌለበት ባሕር ዳር መሰለኝ። በወደቡ ጥበቃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ብቻዬን መቆሜን አይተው ቤታቸው ወሰዱኝና ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው በጋለ ድንጋይ የበሰለ ምግብ አበሉኝ። ቅጠሉን ስገልጠው ጎደሬ ነው! የኛው የደቡቡ ጎደሬ። እሳቸው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ጎደሬ አለ ብላቸው አላመኑኝም፤ እዚያ በረሃ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

ከምሳ በኋላ ጓሯቸውን አሳዩኝ። ሁለት የሞቱ መኪኖች፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ በጆንያ የታጨቀ የለስላሳ ቆርቆሮ። «እዚህ አገር የሚገባ እንጂ የሚወጣ ዕቃ የለም» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ወሰዱኝና ማዕበል የጣለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በእግራቸው እየገለበጡ የተጻፈበትን አሳዩኝ። በነሱ ቋንቋ የተጻፈ አልነበረም። እኔ በዚያች ሰዓት አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱም ካዴት ሳለሁ ስሟን በማልጠራት መርከብ ላይ፣ በሌሊት፣ ጥቁር ከረጢት ከኋላ ወደ ባሕር ሲወረወር አይቼ ዝም ብያለሁ። ፕላስቲክ ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል እ.ኤ.አ. ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ሕግ ክልክል ነው። ሕጉ እያንዳንዳችን ካቢን አጠገብ ተለጥፎ ነበር። እሱን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። ለናንተ ግን ነገርኩ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ወደ ባዶው ኮንቴይነር ለመድረስ ነው። ደሴት ላይ ኮንቴይነር ሞልቶ ይገባል፤ ሩዝ፣ ስሚንቶ፣ የታሸገ ዓሣ (አዎ፣ በውቅያኖስ መሃል ተቀምጦ የታሸገ ዓሣ)። ሲመለስ ግን የሚጭነው ስለሌለው ባዶውን ይመለሳል። መርከቧ ለባዶ ብረትም ነዳጅ ታቃጥላለች፤ ወጪው በመግቢያው ዋጋ ላይ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስፕሬፕ ከአንድ ትልቅ የመርከብ ድርጅት ጋር «ሞአና ታካ» የተባለ ስምምነት ተፈራረመ። ነገሩ ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ባዶውን ከሚመለስ እንደገና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ቆሻሻ ይሙላ፤ የመርከቡ ማጓጓዣ አይከፈልበትም። ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክ፣ ያገለገለ ዘይት፣ ደሴቱ ላይ ሊቀልጥም ሊቀበርም የማይችለው ሁሉ ማቀነባበሪያ ወዳለበት ወደብ ይሂድ።

ቀላል የሚመስለው ነገር ሥራው የት እንዳለ መርከበኛ ያውቃል። ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይፈልጋል። ቀጠናው አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት የራሱ ስምምነት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ዋይጋኒ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ የተፈረመ ነው። ጭነቱ በትክክል የተባለው ነው ወይስ ሌላ ነገር ተደብቆበታል? የሚቀበለው ፋብሪካ አለ ወይስ ወንዝ ዳር የሚደፋው ደላላ ነው? ወረቀቱን ማን ሞላ? መርከብ ድርጅቱ ይህን ሊያጣራ አይችልም፤ ቶንጋ ውስጥ ያለ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም ብቻውን አይችልም። መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ጭነቱን የሚመዝነው፣ ይሂድ አይሂድ የሚለው ቫይሊማ ያለው ቢሮ ነው። ይህ ፎቶ የማይነሱበት ሥራ ነው። ፓሲፊክንም አላጸዳውም፤ የሚገባው ከሚወጣው ዛሬም እጅግ ይበዛል። ቢሆንም ሽማግሌው ጓሮ የነበረው የቆርቆሮ ጆንያ መሄጃ አገኘ ማለት ነው።

እኛ በሞተር ክፍል የጥገና መርሐ ግብር የሚባል አለን። ይህ ፓምፕ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ማጣሪያው መቼ ተቀየረ፣ መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ አለ ወይ፣ ማን ፈረመ። አዲስ ሞተር ሲገጠም ሪባን ይቆረጣል፣ ባለቤቶቹ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ከዚያ ሁሉም ይሄድና አንድ ዘይት የነካካው ሰው መዝገቡን ይዞ ይቀራል። ስለ ጉባኤና ስለ ስፕሬፕ ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው፤ ጉባኤው ሞተር ገጠማው ነው፤ ያ ቢሮ ደግሞ የጥገና ክፍሉ ነው።

አስተያየት ሰጪው በአንድ ነገር ልክ ናቸው። የደሴት አገሮቹ ጉባኤዎች ብዙ ተናግረው ጥቂት ሠርተዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1994 ባርቤዶስ ላይ ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 ጥር ሞሪሸስ ላይ፣ ያ አስፈሪ ሱናሚ በደረሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው አፒያ፣ በስፕሬፕ ደጃፍ ላይ፤ የወጣውም ሰነድ የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ሳሞአ» እንዲሉ ተደርጎ ተጠምዝዞ ነበር። (ለእንዲህ ዓይነቱ የቃላት ጨዋታ ጉባኤተኞች ጊዜ አያጡም።) አራተኛው ከግንቦት 19 እስከ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴንት ጆንስ፣ አንቲጓ ላይ ተደረገ። ለአሥር ዓመት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2034፣ የሚቆይ አጀንዳ ወጣ። አስገዳጅ አይደለም። ከአፒያ ሴንት ጆንስ ለመድረስ ሦስትና አራት አውሮፕላን መቀያየር ያስፈልጋል፤ ስለ ጭስ ለመነጋገር የሚሄድ ሰው በጭስ ላይ ነው የሚሄደው። ይህን ማንም አይክደውም።

ግን የአስተናጋጇን አገር እንይ። አንቲጓና ባርቡዳ በነፍስ ወከፍ ገቢዋ ሲታይ ሀብታም ከሚባሉት ትቆጠራለች፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው ብድር አይገባትም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መስከረም ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ባርቡዳን መታና የደሴቲቱ ሕዝብ አንድ ሳይቀር በጀልባ ወጣ። አንድ ሌሊት! የነፍስ ወከፍ ገቢው ወረቀት ላይ ያው ነበር፤ ሰው ግን አልነበረም። ደሴተኞቹ ለዓመታት ሲወተውቱ የኖሩት ይህን ነው፦ ገቢያችንን ብቻ አትቁጠሩ፣ ተጋላጭነታችንንም ቁጠሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲህ ያለውን መለኪያ ከአንቲጓው ስብሰባ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በ2024 ነሐሴ ተቀበለው። ባንኮቹ ይጠቀሙበት እንደሆን ገና ይታያል። ለሠላሳ ዓመት ውትወታ ትንሽ ነው። ግን ነገሩን ከባርቤዶስ ይዞ እስከ አንቲጓ ያላስጣለ፣ መዝገብ የያዘ ሰው ባይኖር እሱም አይገኝም ነበር።

«እኛን ምን አገባን» ለሚለው፦ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የትንንሽ ደሴት አገሮች ጉዳይና የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ጉዳይ የሚታየው በአንድ ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመ ነው፤ በዕድገት ወደ ኋላ የቀሩትን አገሮችም ጨምሮ ይዟል። ኢትዮጵያ ከሦስቱ ሁለቱን ናት። እኛና ናኡሩ አንድ ኮሪደር ላይ ነው ፋይላችን ያለው። ባሕር የከበባትም፣ ባሕር የራቃትም፣ ዕቃ የሚገባላት በሌላ ሰው ፈቃድና በሌላ ሰው ዋጋ ስለሆነ ነው አንድ ላይ ያስቀመጡን። ለባሕር አልባዎቹ የራሳችን ጉባኤ በ2025 ነሐሴ ቱርክሜኒስታን፣ አዋዛ ላይ ተደርጓል። ስለዚያ ጉባኤ በአገራችን ጋዜጦች ያነበብኩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህንን ለወቀሳ ቁጠሩልኝ።

ወዲህ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አባላት ከሆኑት መካከል ኮሞሮስ፣ ሲሸልስ፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ሞሪሸስ፣ ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ፣ ጊኒ ቢሳውም ሳይቀሩ ከደሴተኞቹ ወገን ናቸው። ኮሞሮስን ስናነሳ እኔ የምቆጥረው ውለታ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው አውሮፕላናችን ነዳጅ ጨርሶ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ባሕር ላይ ሲያሳርፉት፣ ከዳር ሆነው ያዩ የደሴቲቱ ነዋሪዎችና እንግዶች በጀልባ እየቀዘፉ ነው ወደ ስባሪው የገቡት። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ሬዲዮኑን ታቅፎ ሲያለቅስ ነው የማስታውሰው። እንግዲህ ደሴተኛ ሆቴላችንን ቢሞላ ምን ይለናል?

አሁን ወደ ሞጆ። ጋራዤ በር ላይ ቆሜ ከጅቡቲ የሚመጣውን መኪና አያለሁ። ሙሉ ይመጣል። ሲመለስ ከብዙዎቹ ላይ ያለው ኮንቴይነር ባዶ ነው፤ የሹፌሩን ፊት ሳላይ፣ ጎማው ሲነጥር ብቻ አውቀዋለሁ። ቡናና ሰሊጥ የሚሞላው የተወሰነውን ነው። ከዚያው መንገድ ዳር ደግሞ የውሃ ጠርሙስ፣ ያለቀ ጎማ፣ የዘይት ጀሪካን ተከምሯል። ፕላስቲክ ከረጢት በ2017 ዓ.ም. በሕግ ታግዷል፤ ጥሩ ነው፤ ጠርሙሱ ግን አለ። ጠርሙስ ሰብስበው፣ ፈጭተው ወደ ውጭ የሚልኩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በራሳቸው ኪሳራ የሚታገሉ ናቸው። እኔ ቆሻሻችንን ሰው አገር እንድፋ እያልኩ አይደለም። ቻይና እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ ፕላስቲክ ቆሻሻ በቃኝ ብላ በሯን ዘግታለች፤ ትክክል ነበረች። እያልኩ ያለሁት፦ ባዶ ብረት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምንጎትት፣ የሚፈልገው ፋብሪካ ካለ፣ ንጹሕ ሆኖ የተለየው ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት በቅናሽ ይጫን ብሎ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ማን ነው? ትራንዚተሩ የኔ ሥራ አይደለም ይላል። የመኪናው ባለንብረት ለመመለስ ይቸኩላል። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ኮንቴይነር አያውቅም። መሃል ላይ የሚቀመጥ ቢሮ የለንም። ቫይሊማ የለንም።

ጣናንም ሳላነሳ አልተኛም። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ነው ይባላል። እናቴ ወደ ደቅ ስትሻገር ጀልባዋ በአረሙ ውስጥ እንደ ሰው ጉልበት ስትታገል አይቻለሁ። ከባሕር በተመለስኩ በዓመቱ፣ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ፣ ስሙን የማላነሳው መሥሪያ ቤት አረም ማጨጃ ማሽን ዳር ላይ ቆሞበት «መርከበኛ መጥቷል» ተብሎ ተጠራሁ። ሄድኩ፤ ሠላሳ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሃይድሮሊክ ሲሊንደሩ «ሲል»፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ፣ ተበልቷል፤ ዘይት ያፈሳል። ከመዳፍ የማትበልጥ ጎማ። መጋዘን ውስጥ ትርፍ የለም። ማሽኑ ሲገዛ መለዋወጫ አልተገዛለትም፤ የመመሪያ መጽሐፉም የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። የሲሉን መጠን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። በዚያው ሳምንት ስለ እምቦጭ የምክክር ስብሰባ ነበርና ጋበዙኝ። ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ አበል ከፈሉኝ፤ በአበሉ ሲሉን ሁለት ጊዜ መግዛት ይቻል ነበር። ስለ ሲሉ የተናገረ ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰብሳቢው «ይህ ዝርዝር ነው» አሉኝ።

ፓሲፊክ ላይም እምቦጭ አለ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ፣ ሴፒክ የሚባለውን ትልቅ ወንዝ ዘግቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አረሙን ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ እያራቡ ለቀቁበትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወንዙ ተከፈተ። የኛው ጎረቤቶች ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ዛሬ ስፕሬፕ የሚያስተባብረው የወራሪ ዝርያዎች አገልግሎት አለ፤ ከሥራዎቹ አንዱ እንዲህ ዓይነቱን አረም በተፈጥሮ ጠላቱ መዋጋት ነው። አንድ ደሴት የሞከረችው ለሌላዋ ይደርሳል፤ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ የተጻፈበት መዝገብ ስላለ። ጥንዚዛው ለጣና ይሁን አይሁን የሚወስኑት የመስኩ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የሞተር ሰው ነኝ። የኔ ቅናት በጥንዚዛው ሳይሆን በመዝገቡ ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኮፕ 32 ሲመጣ ሪፖርተሮቻችሁ የመሪዎቹን ንግግር ብቻ እየተከተሉ እንዳይውሉ። ፓሲፊኮቹ በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ «ሞአና ብሉ ፓሲፊክ» የሚሉት የጋራ አዳራሽ ያቆማሉ፤ እዚያ ገብታችሁ ቫይሊማ ያለውን ባለሙያ ፈልጉና ስለ ባዶው ኮንቴይነር ጠይቁት። ስንት ሞላ? ምን አስቸገረ? ማን አጭበረበረ? ጎደሬ ብትጋብዙት ደግሞ ቤቱ ያለ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ከሞጆ በወር ስንት ኮንቴይነር ባዶውን እንደሚወጣ ከሚመለከተው ጠይቃችሁ ቁጥሩን አትሙልን። ቁጥሩ ከታተመ ሒሳቡን የሚሠራ አይጠፋም፤ ካልተገኘ እኔ እሠራዋለሁ።

ያ ማጨጃ ማሽን ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ አንባቢ ካለም በእናንተ በኩል ቢያሳውቀኝ። ሲሉን ከዱባይ የመጣ ጓደኛ አምጥቶልኛል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የትራንስፖርቱን ራሴ ችዬ እገጥመዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ሰከንድ ኢንጂነር
ሞጆ